የሊክተንስታይኑ ማሪዮ ፍሪክ፣ ከሹመት እስከ ሽረት

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በቅርቡ ስለ አውሮፓ ጥቃቅን አገሮች ባወጣችሁት ጽሑፍ ውስጥ ለሊክተንስታይን የደረሳት አንድ አንቀጽ ነው። በዚያች አንቀጽ ልዑሉ፣ ግንቡ፣ ባንኮቹና የፖስታ ቴምብሮቹ ከተጠቀሱ በኋላ አገሪቱ የረባ ፖለቲካ የሌለባት ተብላ ታልፋለች። ሳነበው በጣም ተናደድኩ፤ ዛሬም አልበረደልኝም። ጸሐፊው ክፋት እንደሌለባቸው አውቃለሁ። ስለዚያች አገር የሚጻፈው ሁሉ እንደዚሁ ነው። ነገር ግን እዚያ ሰዎች በአደባባይ ተከራክረዋል፣ ቤተሰብ ተለያይቷል፣ ሥልጣን የያዙ ሰዎች ሥልጣናቸውን አጥተዋል። ይህ ፖለቲካ ካልሆነ ሌላ ምን ሊባል እንደሚችል አላውቅም።

የምኖረው ከራይን ወንዝ በስተምዕራብ፣ በስዊዘርላንዷ የቡክስ ከተማ ነው። የምሠራው ግን ወንዙን ተሻግሬ፣ ሊክተንስታይን ውስጥ በሚገኝ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ነው። እንደ እኔ ጠዋት ድንበር አቋርጦ ገብቶ ማታ የሚመለሰው ሰው ብዙ ነው፤ በአገሪቱ ከሚሠራው ሰው ከግማሽ በላዩ የሚያድረው ከድንበሩ ማዶ ነው። ስለዚህ የአገሪቱ ዜጋ አይደለሁም፣ ድምፅም አልሰጥም። ድምፅ ሲሰጡ የኖሩትን ሰዎች ግን ለዓመታት አጥቤአለሁ፣ አልብሻለሁ፣ ሌሊት እንቅልፍ ሲነሳቸውም አጠገባቸው ተቀምጬ የሚያወሩትን አዳምጫለሁ። ሽማግሌ ሰው ስለ ፖለቲካ ሲያወራ የሚፈራው ሹም፣ የሚጠብቀው ሹመት የለውም። የማውቀውን አብዛኛውን የተማርኩት ከእነርሱ ነው፤ ሌላውን ከጋዜጦቻቸው።

ብዙ ጊዜ የሚነሳው ስም የቀድሞው የመንግሥት መሪ (እኛ ጠቅላይ ሚኒስትር የምንለው) የማሪዮ ፍሪክ ነው። የእሳቸውን ታሪክ ባጭሩ ልንገራችሁና ፖለቲካ አለ ወይስ የለም የሚለውን እናንተው ፍረዱ። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ስለ ቀለሞቹ። 160 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ስፋትና 40,000 ገደማ ሕዝብ ያላት ይህች አገር ሁለት ነባር ፓርቲዎች አሏት፤ ሕዝቡ የሚጠራቸው በቀለም ነው። ተራማጅ የዜጎች ፓርቲ "ጥቁሮቹ" ይባላሉ፣ የአባት አገር ኅብረት ደግሞ "ቀዮቹ"። ሰው ቀለሙን ከእናት አባቱ ይወርስ ነበር። ቀለሙ የየትኛው ጋዜጣ አንባቢ እንደሚሆንም ይወስን ነበር፤ ጥቁሮቹ ፎልክስብላትን፣ ቀዮቹ ፋተርላንድን። በምሠራበት መጦሪያ ሳሎን ሁለቱም ጋዜጦች ጠረጴዛ ላይ ይቀመጡ ነበር፤ የአንዱ አንባቢ የሌላውን ሲያነሳ አይቼ አላውቅም። ፎልክስብላት ከ1878 ጀምሮ ሲታተም ኖሮ በ2023 ሲዘጋ አንዲት እናት ለቀናት የጠዋት ቡናቸውን በዝምታ ጠጡ። ሌላውን ጋዜጣ ባቀርብላቸው በእጃቸው ገፋ አደረጉት።

ማሪዮ ፍሪክ የቀዮቹ ሰው ናቸው። በ1965 ተወለዱ፤ በደቡብ ጫፍ ያለችው የባልዘርስ ሰው ናቸው። ሕግ ያጠኑት በስዊዘርላንዱ የዛንክት ጋለን ዩኒቨርሲቲ ነው። በ1993 የጸደይ ወራት ጥቁሮቹ በጠባብ ልዩነት መርተው መንግሥት ሲመሠርቱ፣ በጥምረቱ ውስጥ ፍሪክ ምክትል የመንግሥት መሪ ሆነው ገቡ። ያን ጊዜ ገና 28 ዓመታቸው ነበር። መሪው ማርኩስ ቡኸል ግን ብዙ አልቆዩም። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ የገዛ ፓርቲያቸው እምነት ነሳቸው፣ ምክር ቤቱ ተበተነ፣ በጥቅምት እንደገና ምርጫ ተደረገ። ቀዮቹ ከ25 መቀመጫዎች 13ቱን ወሰዱ። ታኅሣሥ 15 ቀን 1993 ፍሪክ የመንግሥት መሪ ሆኑ፤ አሁንም 28 ዓመታቸው ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ምርጫ፣ ሁለት መንግሥት፣ አንድ የወደቀ መሪ። ይህ ሁሉ የሆነው ጽሑፋችሁ ፖለቲካ የለባትም ባላት አገር ነው።

ከፊታቸው የተደቀነው የመጀመሪያ ጉዳይ የአውሮፓ የኢኮኖሚ ቀጠና አባልነት ነበር። ይህን ጉዳይ ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ ማብራራት አለብኝ፤ እንደሚመስለው ደረቅ አይደለም። ቀጠናው የአውሮፓ ኅብረት አባል ያልሆኑ አገሮች የኅብረቱን ገበያ የሚጋሩበት ማኅበር ነው። ሊክተንስታይን ከ1920ዎቹ ጀምሮ ከስዊዘርላንድ ጋር አንድ የጉምሩክ ክልል ናት፣ የምትገበያየውም በስዊስ ፍራንክ ነው። በታኅሣሥ 1992 የስዊዘርላንድ ሕዝብ የቀጠናውን አባልነት በ50.3 በመቶ ውድቅ አደረገው። ከአንድ ሳምንት በኋላ የሊክተንስታይን ሕዝብ በ55.8 በመቶ ድጋፍ እንግባ አለ። ታላቋ ጎረቤት እምቢ ባለችው ማኅበር ታናሿ ብቻዋን ልትገባ ወሰነች ማለት ነው። በመካከላቸው ኬላ የለም፤ እኔ በየቀኑ የምሻገረው ድልድይ ላይ ማንም አያስቆመኝም። ታዲያ ከቀጠናው ያለ ቀረጥ የሚገባው ዕቃ በዚያው ወደ ስዊዘርላንድ እንዳያልፍ ምን ይደረጋል? የስዊዘርላንድ ውል ሳይፈርስ ሌላው ውል እንዴት ይጸናል? ይህን ከበርንም ከብራስልስም ጋር ተደራድሮ የመቋጨት ዕዳ የወደቀው በወጣቱ መሪ መንግሥት ላይ ነበር። ሥራው ተሳካ። በሚያዝያ 1995 ሕዝቡ ለሁለተኛ ጊዜ ድምፅ ሰጥቶ በ55.9 በመቶ አጸደቀው፣ ግንቦት 1 ቀን አገሪቱ ገባች። ከእነዚያ ዓመታት ሥራ ለእኔ ትልቁ ይህ ነው። ስለ ግንቡና ስለ ቴምብሩ የሚጽፉ ሰዎች ይህን አንድም ጊዜ ሲያነሱት አላየሁም።

ቀጥሎ የመጣው ግን የከፋ ነበር፤ ፍሪክን ከታሪክ ጋር ያስተሳሰራቸውም እርሱ ነው።

የ1921ዱ ሕገ መንግሥት ሥልጣን የልዑሉና የሕዝቡ የጋራ ነው ይላል። ሁለቱ ሲስማሙ መልካም። ሳይስማሙ ሲቀሩስ ማን ይዳኝ? ፍሪክ ከመሾማቸው አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በጥቅምት 1992፣ ልዑል ሃንስ አዳም ዳግማዊ ሕዝቡ በኢኮኖሚ ቀጠናው ላይ ድምፅ የሚሰጥበትን ቀን ለመወሰን ከመንግሥት ጋር ተጋጭተው መሪውን አሰናብታለሁ እስከማለት ደርሰው ነበር። ያን ዕለት ወደ ሁለት ሺህ የሚጠጋ ሰው በዋና ከተማዋ ፋዱዝ ለተቃውሞ ወጣ። አገሪቱ ያን ጊዜ 30,000 ያህል ሕዝብ ብቻ እንደነበራት አስቡና ቁጥሩን እንደገና ተመልከቱት።

በየካቲት 1995 ሄርበርት ቪለ የተባሉ የአስተዳደር ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት በአደባባይ ንግግር አደረጉ። ልዑሉና ምክር ቤቱ በሕገ መንግሥቱ ትርጉም ላይ ባይስማሙ የመወሰን ሥልጣን የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ነው አሉ። ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ የሚለውን ለሚያውቅ አንባቢ ነገሩ ምን ያህል ከባድ እንደነበር አስረዝሜ መንገር አያስፈልገኝም። ልዑሉ ለዳኛው ደብዳቤ ጻፉ፤ ከእንግዲህ ወዲህ በማናቸውም የመንግሥት ኃላፊነት ላይ አልሾምዎትም የሚል ነበር። በ1997 የዳኛው ዘመን አልቆ ምክር ቤቱ እንደገና ሲያቀርባቸው ልዑሉ ቃላቸውን ጠበቁ፣ አልሾሟቸውም። ዳኛው ስትራስቡርግ ሄደው ለአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት አቤት አሉ። ልዑሉ በግል አይከሰሱምና ተከሳሿ አገሪቱ ሆነች፤ ልዑሉ ለጻፉት ደብዳቤ መልስ መስጠት የነበረበት የፍሪክ መንግሥት ነበር። ጥቅምት 28 ቀን 1999 ፍርድ ቤቱ የዳኛው ሐሳብን የመግለጽ ነፃነት ተጥሷል ብሎ ፈረደ።

አንድ መሪ ከዚህ የበለጠ ምን ችግር ሊገጥመው ይችላል? ከላይ ከዳኛው ጋር የተጣላ ልዑል፣ ከሥር የመረጣቸው ሕዝብ፣ ሕዝቡም ልዑሉን ከልቡ የሚወድ። ይህን ውዴታ የውጭ ሰው አይረዳውም። በመጦሪያው የብዙዎቹ አልጋ ራስጌ ላይ የልዑሉ ወይም የአባታቸው ፎቶግራፍ አለ። ነሐሴ 15 ቀን በሚከበረው ብሔራዊ በዓል ሕዝቡ ወደ ግንቡ ይወጣል፣ ከልዑሉ ቤተሰብ ጋር አብሮ ይጠጣል። እንዲህ ካለው ልዑል ጋር በሕገ መንግሥት ነገር ዓይን ለዓይን መተያየት ቀላል አይደለም።

ያም ሆኖ ፍሪክን እንከን የለሽ አድርጌ ላቀርብ አልፈልግም። ከ1997 ጀምሮ ከጥቁሮቹ ጋር የነበረው ጥምረት ፈርሶ ቀዮቹ ብቻቸውን ገዙ። ከ1938 ጀምሮ ሁለቱ ፓርቲዎች አብረው ሲያስተዳድሩ ለኖሩባት አገር ይህ ትልቅ ለውጥ ነበር፤ አልወደድኩላቸውም። የባንኮቹም ጉዳይ አለ። በሰኔ 2000 ሊክተንስታይን ሕገወጥ ገንዘብ ሕጋዊ አስመስሎ ማቅረብን ለመከላከል አትተባበርም ተብላ በዓለም አቀፍ ጥቁር መዝገብ ሰፈረች። ፍሪክ ሥልጣን ላይ ስድስት ዓመት አልፏቸዋል፤ ቀደም ብሎ መታረም የሚገባው ነገር ነበር። ከዚያ በኋላ ግን አልተደባበሰም። ከኦስትሪያ ልዩ ዐቃቤ ሕግ ተጠርቶ ምርመራ ተካሄደ፣ ሕጎቹ ጠበቁ። በሰኔ 2001 አገሪቱ ከመዝገቡ ስትሰረዝ ግን ፍሪክ ቢሯቸው ውስጥ አልነበሩም። በዚያው ዓመት የካቲት በተደረገው ምርጫ ጥቁሮቹ 13 መቀመጫ አሸንፈው፣ ሚያዝያ ላይ ኦትማር ሃስለር ወንበሩን ተረክበው ነበር።

ፍሪክ ሲሰናበቱ 35 ዓመታቸው ነበር። ሌላው ሰው ገና ወደ ፖለቲካ በሚገባበት ዕድሜ እሳቸው የቀድሞ መሪ ተባሉ።

አሁን ነው ጸሐፊያችሁ እንዲያነቡልኝ የምፈልገው። በ2002 ልዑሉ የራሳቸውን የሕገ መንግሥት ማሻሻያ አዘጋጅተው ለሕዝብ ድምፅ አቀረቡ። በማሻሻያው መሠረት መንግሥት የልዑሉን አመኔታ ካጣ ይሰናበታል፤ ዳኞችን በሚመርጠው ኮሚቴ ውስጥም ወሳኙ ድምፅ የልዑሉ ይሆናል። በምላሹ ሕዝቡ ከፈለገ በልዑሉ ላይ አመኔታ እንደሌለው ድምፅ መስጠት፣ ዘውዱንም እስከ ማስወገድ መሄድ ይችላል። ወረዳዎችም ከአገሪቱ የመገንጠል መብት ያገኛሉ። ልዑሉ ካልጸደቀልኝ ወደ ቪየና እሄዳለሁ ብለው በይፋ ተናገሩ። ጎን ለጎንም ከዜጎች የተነሳ ሌላ አማራጭ ማሻሻያ ቀረበ።

ማሪዮ ፍሪክ ያኔ ምንም ሥልጣን የላቸውም። ዝም ቢሉ ማንም አይወቅሳቸውም። ወጣት ናቸው፣ ሕግ አዋቂ ናቸው፣ ልዑሉን ሳያስቀይሙ በሰላም መኖርና ለሌላ ሹመት መታጨት ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን የልዑሉን ማሻሻያ በይፋ ከተቃወሙት ሰዎች መካከል ግንባር ቀደሙ ሆኑ። በዚያች አገር ይህ ማለት በማግስቱ ዳቦ ልትገዛ ስትወጣ የሚያገኝህ ሰው ሁሉ ምን እንዳልክ ያውቃል ማለት ነው። መሰወሪያ የሚሆን ትልቅ ከተማ የለም። ዋና ከተማዋ ፋዱዝ ራሷ ከአሥር ሺህ ነዋሪ በታች ናት።

ጋዜጦቹ በዚያ ወቅት በአንባቢያን ደብዳቤ ተጥለቅልቀው እንደነበር አረጋውያኑ ይነግሩኛል። እዚያ የአንባቢ ደብዳቤ የሚወጣው ከነሙሉ ስምና አድራሻ ነው። አንዱ ወንድሙን፣ ሌላው የልጁን አማች እየተቃወመ ጻፈ። በሰርግና በቀብር ሳይቀር የማይነጋገሩ ቤተሰቦች እንደነበሩ ሰምቻለሁ። በመጋቢት 2003 ድምፅ ሲሰጥ 64 በመቶ የሚሆነው ሕዝብ የልዑሉን ማሻሻያ ደገፈ። አማራጩ ብዙም ድጋፍ አላገኘም።

አሁን በሕይወት የሌሉ አንድ አዛውንት ነበሩ፤ ከቀይ ቤተሰብ የተወለዱ፣ አናጺ የነበሩ፣ ፍሪክን በየምርጫው የደገፉ። በ2003 ድምፃቸውን ለልዑሉ እንደሰጡ አንድ ሌሊት ነገሩኝ። ልጁ (ፍሪክን እስከመጨረሻው ልጁ ነበር የሚሏቸው) ትክክል እንደነበር አልካዱም። ነገር ግን ልዑሉ ዕቃቸውን ጭነው ወደ ቪየና የሚወጡበትን ቀን ማየት አልፈለጉም። እኛ ያለ ልዑል ማን ነን ብለው ጠየቁኝ። ምን ብዬ እመልሳለሁ? ብርድ ልብሱን አስተካክዬላቸው ዝም አልኩ። ፍርሃታቸውን አልንቅም። በሁለት ትልልቅ አገሮች መካከል ለተቀመጠ ትንሽ ሕዝብ እንዲህ ያለው ፍርሃት ምክንያት አለው። ያም ቢሆን ያን ጊዜ በዚያ ፍርሃት ፊት ቆሞ ነገሩ የሰው ሳይሆን የሕግ ጉዳይ ነው የሚል ሰው ማስፈለጉን አምናለሁ።

እናም ፍሪክ ተሸነፉ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ለሁለተኛ ጊዜ። ከዚያስ? አልተሰደዱም፣ አልታሰሩም፣ ሌላ ቦታ ተቀምጠው አገራቸውን አላማረሩም። ሕግ ሙያቸው ነውና ጠበቃ ሆነው ሻን ውስጥ ሠሩ። ሻን ከእኔ አውቶቡስ መስመር ላይ ናት፤ ከፋዱዝ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይርቃታል። ያሸነፏቸው ልዑልም ፋዱዝ ካለው ግንባቸው ሆነው ሸለቆውን ሁሉ ያያሉ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለውን ተረት እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ለሹም ከሹመቱ በቀር ሌላ ኑሮ የሌለው ይመስለኝ ነበር። በሰላሳ አምስት ዓመቱ ከወንበሩ ወርዶ፣ ያለ ወንበር ደግሞ ከባዱን ክርክር የገጠመ፣ ተሸንፎም በአገሩ ተከብሮ የሚሠራ ሰው ማየቴ ብዙ ነገር አስተምሮኛል። ጸሐፊያችሁ ፖለቲካ የለም ያሉበት ቦታ እኔ ያየሁት ይህንን ነው።

የአገሪቱን ነውር ሸሽጌ እንዳይመስል አንድ ነገር ልጨምር። ሴቶች በአገር አቀፍ ደረጃ የመምረጥ መብት ያገኙት በ1984 ነው፤ ወንዶቹ በ1971ና በ1973 ሁለት ጊዜ ከከለከሏቸው በኋላ። በ1984 መብቱ የጸደቀው በ2,370 ድጋፍና በ2,251 ተቃውሞ ነው። ልዩነቱ 119 ሰው። ከምንከባከባቸው እናቶች አንዷ የልጅ ልጅ ካዩ በኋላ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ የሰጡት፤ ቁጥሩን እስከ ዛሬ በቃላቸው ይዘውታል፣ ጎረቤታቸው ከ2,251ዱ አንዱ እንደነበሩም ያውቃሉ። ትንሽነት እንዲህም ነው። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ በፍሪክ መንግሥት ውስጥ አንዲት ሴት፣ አንድሪያ ቪሊ፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነበሩ፣ በሚያዝያ 2025 ደግሞ ብሪጊተ ሃስ የመጀመሪያዋ ሴት የመንግሥት መሪ ሆኑ። እኚያ እናት ያን ቀን ቴሌቪዥኑን ድምፁን ከፍ አድርጌ እንድከፍትላቸው አዘዙኝ። ሃስ ከቀዮቹ ናቸው፣ እሳቸው ግን ጥቁር ናቸው፤ ቢሆንም እስከ መጨረሻው ተመለከቱ።

ክርክሩም በ2003 አላበቃም። በሐምሌ 2012 ልዑሉ ሕግን ውድቅ የማድረግ ሥልጣናቸውን የሚገድብ ሐሳብ ለሕዝብ ቀርቦ 76 በመቶ ያህሉ ተቃወመው። በ2003 ከተቃወመው ሕዝብ ያነሰ ነው ሐሳቡን የደገፈው። አንዳንዱ ይህን የጉዳዩ መዝጊያ አድርጎ ያየዋል፤ እኔ አይመስለኝም። በዚያች አገር አንድ ሺህ አምስት መቶ ፊርማ ያሰባሰበ ዜጋ ሕገ መንግሥት ላይ ሐሳብ ማቅረብ ይችላልና።

የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። በሚቀጥለው እትም "የረባ ፖለቲካ የሌለባት" የሚለውን አርሙልን። ቦታ ካላችሁም የ2003ቱን ክርክር ሁለቱም ወገኖች ያሉትን አካታችሁ አንድ ሙሉ ገጽ ስጡት። የጀርመንኛውን ጽሑፍ ለመተርጎም ሰው ከቸገራችሁ ከሥራ መልስ ምሽቶቼን ለዚህ ለመስጠት ፈቃደኛ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ
ከቡክስ፣ ስዊዘርላንድ